የግራዝማች ካሴ ሽንት ቤት

ሐምሌ ፪ ቀን ፲፱፻፶፰፣ ቅዳሜ

ዛሬም ውሃው አልወርድ አለ። አንድ ባልዲ ሙሉ ደፋሁ፤ እስከ ሲሚንቶው አፍ ድረስ ሞልቶ ቆመ። ከብዙ ቆይታ በኋላ እየተጎተተ ወረደ። ሁለተኛ ስደፋ ጭራሽ ወደ እግሬ መጣ። ጫማዬን ሦስቴ አጠብኩት፤ ሽታው ግን አሁንም እዚህ ጠረጴዛው ሥር ያለ ይመስለኛል።

አስካለ ጉድጓዱ ክረምት ገብቶበት ሞልቶ ነው ትላለች። የእናቴ የአክስት ልጅ ናት፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ውሃ የምትቀዳው፣ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። እኔ ዓመቱን ሙሉ ትምህርት ቤት ሳስተምር ስውል የቤቱን ጉዳይ ከእሷ ነበር የምሰማው። አሁን ለክረምት ስለተዘጋ ሁሉንም በዓይኔ አያለሁ።

ይህን ሽንት ቤት ያሠሩት አባባ ናቸው። ዳኛ ሳሉ ለሥራ ጎንደር ከተማ ሰንብተው፣ ባረፉበት ቤት አይተው ወደዱት። ሲሚንቶውን ከደብረ ታቦር በበቅሎ አስጫኑ፤ ጣልያን ጥሎት የሄደውን የብረት ቱቦም ከዚያው ፈልገው አስመጡ። ከቤቱ ጀርባ ትንሽ ክፍል ተቀጠለች። ቱቦው ከቀዳዳው ወርዶ፣ በግድግዳው ሥር ታጥፎ ይወጣና፣ በጓሮው ቁልቁል ሄዶ በግንድ የተከደነ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። የከተማችን የንፋስ መውጫ ሰው ያን ጊዜ፣ ግራዝማች ካሴ ሜዳውን ቤታቸው አስገቡት፣ እያለ ሳቀባቸው። እሳቸው ቁብም አልሰጡት።

ባለፈው ጥቅምት ግራ ጎናቸው ተያዘ። ከዚያ ወዲህ ሜዳ መውጣት አይታሰብም። ወደዚያች ክፍል ግን ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በቀኝ ትከሻቸው ግድግዳውን እየተደገፉ፣ ብቻቸውን ይሄዳሉ። በሩን ከውስጥ ይዘጋሉ። ልደግፍዎ ስላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሂጂ ወዲያ።»

ያቺ ክፍል ከተበላሸች ምን እንደምናደርግ አላውቅም።

ሐምሌ ፫፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ የአባባ የንስሐ አባት አባ ተክሌ ጸበል ይዘው መጡ። አባባ ጸበሉን ተጠምቀው ጥቂት ፉት አሉ፤ እህል ግን እንቢ አሉ። የሰኔ ጾም ነው። አባ ተክሌ ተቆጡ። «ግራዝማች፣ በሽተኛ ነዎት። እኔ ፈትቼዎታለሁ። እሑድም ነው፤ ቀን መብላት ይችላሉ።» አባባም፣ «እስከ ዛሬ ጾሜው አሁን ሁለት ቀን ሲቀረው አላፈርሰውም» አሉ። አንገታቸውን ቀና አድርገው ነው ያሉት። ደስ አለኝ። ድሮ ችሎት ላይ የሚናገሩበት ድምፅ ነበር።

የጎረቤታችን የአቶ ኑሩ በቅሎዎች ነገ ጨው ጭነው ወደ ወገዳ ይወርዳሉ። ለወንድሜ ለአዱኛ፣ አባባ እየደከሙ ነው፣ ብቅ በል፣ ብዬ ቃል ላክሁ። አዱኛ እዚያው ወገዳ፣ ስማዳ ውስጥ ያለውን የአባባን መሬት ይዞ የሚያርስ ታላቄ ነው። ዘር ላይ ነው፣ ይመጣ ይሆን?

ውሃው እንደ ትናንቱ ነው። ዝናቡም አላባራ አለ።

ሐምሌ ፬፣ ሰኞ

ከጠዋት ጀምሮ ከሽንት ቤቱ ጋር ትግል ገጠምኩ።

መጀመሪያ አመድ በፈላ ውሃ በጥብጬ ደፋሁ። እንፋሎቱ ዓይኔን አቃጠለኝ እንጂ ምንም አልሆነ። ቀጥሎ ረጅም የሸምበቆ ዘንግ ሰደድኩ፤ እጥፋቱ ጋ ሲደርስ እንቢ አለ። በመጨረሻ የዱላ ጫፍ ላይ ጆንያ ጠቅልዬ አሰርኩና እንደ ሙቀጫ ወቀጥኩት። ወቀጥኩት፣ ወቀጥኩት፣ ክንዴ እስኪዝል። ድንገት ከውስጥ ጉርጭ የሚል ድምፅ ሰማሁና ውሃው ተግተልትሎ ገባ። አስካለ እልል ልትል ነበር፤ አፏን ያዝኳት።

ለአባባ ሮጬ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሌላ አላሉም። ትንሽ ቆይተው ገቡ፤ ብዙ ቆዩ። ከወጡ በኋላ ባየው ውሃው እንደገና ሞልቶ ቆሟል።

ተናደድኩ። ጓሮ ቆሜ አስካለን፣ «ማነው እዚህ ውስጥ የሆነ ነገር የጣለበት? እንዲሁ በባዶው አይዘጋም» አልኳት። አስካለ በቁልቢ ገብርኤል ማለች። የቆምንበት ከአባባ መስኮት ሥር ነበር። መስኮቱ ክፍት መሆኑን ያየሁት ኋላ ነው።

ሐምሌ ፭፣ ማክሰኞ

ጴጥሮስ ወጳውሎስ። ጾሙ ተፈታ። አስካለ ዶሮ አርዳ ሠራች፤ ለአባባ ለብቻ ቅቤ የበዛበት የገብስ ገንፎ አገነፋችላቸው። ከጥንት የሚወዱት ነው።

ሁለት ጉርሻ በሉ። ሦስተኛውን ሳቀርብላቸው ጠገብኩ አሉ። ወተቱን አልነኩም። ጠላውን ከንፈራቸው ላይ አድርሰው መለሱት። ጾም የሰነበተ አንጀት ወዲያው አይከፈትም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

እጃቸውን ሳስታጥባቸው አንጓቸው አስደነገጠኝ። ቆዳው በአጥንቱ ላይ ይንሸራተታል።

ሐምሌ ፮፣ ረቡዕ

ዛሬ ገባኝ።

አልጋቸውን ሳነጥፍ ሳስበው፣ አባባ ከሰኞ ወዲህ ወደዚያች ክፍል አልሄዱም። አንድም ጊዜ። ራስጌያቸው ያለው የውሃ ማንቆርቆሪያ ትናንት እንደሞላሁት ነው። የጠዋቱ አጥሚትም ቀዝቅዞ ቆዳ አውጥቷል።

«አባባ፣ ለምን አይጠጡም?» አልኳቸው።

በቀኝ እጃቸው ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳቡ።

«ያምዎታል?»

«አያመኝም።»

«ታዲያ ለምን?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ያልበላ ሰው መውጣት አያስፈልገውም» አሉ።

ለካ ጾም አይደለም። ወይም ከጾምነቱ ሌላም ነበረበት። ሽንት ቤቱ እምቢ ሲል እሳቸው አፋቸውን ዘጉ። ስንት ጊዜ ሆናቸው? አስካለን ጠየቅኋት፤ ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ የሚበሉት እየቀነሰ ነው፣ እኔ በጾሙ ነው ብዬ፣ አለች። እኔም በጾሙ ነው ብዬ። እንዲያውም ኮርቼባቸው።

የብረት ሳፋ ይዤ ገባሁ። እኔ እወጣለሁ፣ ሲጨርሱ ይጥሩኝ፣ ማንም አያይም አልኳቸው። ሳፋውን አዩት። እንዲህ ያለ ዓይን አይቼባቸው አላውቅም። «ልጄ በሳፋ ታወጣልኝ?» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ልመና ነበር።

ሳፋውን ይዤ ወጣሁና ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አስካለ እሳቱን ታርገበግብ ነበር።

ሐምሌ ፯፣ ሐሙስ

ሥላሴ። የጤና ጣቢያውን ድሬሰር ለምኜ አመጣሁት። አባባን ነካካ፣ ምላሳቸውን አየ፣ የእጃቸውን ቆዳ ቆንጥጦ ለቀቀው፤ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ። እንግዳ ፊት ነውና አባባ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጠጡለት። ድሬሰሩ ደጅ ወጥቶ፣ «በዚህ ከቀጠሉ ኩላሊታቸው ይቆማል። መድኃኒት የለኝም፤ መድኃኒቱ መጠጣት ነው» አለኝ። ሳልም ጀምሯቸዋል።

የሚያግዘኝ ሰው ፍለጋ ወጣሁ። በዓል ነው፣ ዛሬ አፈር አይነካም ይላሉ። ነገስ? ስላቸው አንዱ ሳቀ። አንዱ፣ «መምህርት፣ ጉድጓድ ቆፍር ካሉኝ እቆፍራለሁ፤ እዚያ ውስጥ ግን እጄን አልሰድም» አለኝ። አልፈረድኩበትም። እኔም ለራሴ አባት ነው እንጂ ለሌላ ሰው ባልነካሁት።

ስመለስ አባባ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ደረታቸው ሲነሣ እስካይ በሩ ላይ ቆምኩ።

ሐምሌ ፰፣ ዓርብ

አዱኛ መጣ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ በቅሎውም ደክማ ትንቀጠቀጣለች። ወንዙ ስለሞላ አንድ ቀን ሙሉ ከወዲያ ማዶ ውሎ መሻገሩን ነገረኝ። ሳመኝና ወደ አባባ ገባ። ሲወጣ ጋቢውን ፊቱ ላይ አድርጎ ነበር።

ሁሉንም ነገርኩት። አዱኛ ነገር ቶሎ አይገባውም፣ ሲገባው ደግሞ ቶሎ ይነሣል። «አንድ ቀዳዳ ነው አባቴን የሚገድለው?» አለና ዝናብ ላይ ወጥቶ ጉድጓዱን አየው። ነገ እከፍተዋለሁ አለ።

ሰው በመምጣቱ ብቻ ቀለለኝ።

ሐምሌ ፱፣ ቅዳሜ

አዱኛ የጉድጓዱን አፈር ጠርጎ ግንዶቹን አነሣ። ሞልቷል ስንል ግማሹ ባዶ ነው። እኔ ላይ ሆኜ ውሃ ስደፋ፣ እታች በቱቦው አፍ የምትመጣው እንደ ክር የቀጠነች ናት። እንግዲያስ የተዘጋው ቱቦው ነው። ሸምበቆ ከታች ሰደደ፤ ረጅሙም አልደረሰ። ዘንጉ ውስጥ ተሰብሮ ሊቀር ሲል ጎትቶ አወጣው። ተሳደበ። ቱቦውን፣ ጣልያንን፣ ጎንደርን፣ ሁሉን።

ከዚያ እጁን እየታጠበ፣ «ወደ ወገዳ እወስዳቸዋለሁ» አለኝ።

«በዚህ ዝናብ? በዚህ ወንዝ?»

«በቃሬዛ። ሰው አገኛለሁ። እዚያ ቤታችን ከሰው ተገልሎ ነው፣ ዙሪያው ማሳ ነው። የልጅ ልጆቻቸውም አሉ። እዚህ ምን አለ? አንቺና ይህ ቀዳዳ።»

«መንገድ ላይ ያልፋሉ፣ ወንድም ጋሼ።»

«እዚህስ እየሆኑ ያሉት ምንድን ነው?»

እሱ ክፉ ሰው አይደለም፤ የያዘውም እውነት አለ። ግን አባባን በዚያ ገደል፣ በስምንት ሰው ትከሻ፣ ዝናብ እየወረደባቸው ሳስባቸው እሺ ልለው አልቻልኩም።

ሁለታችንም ገብተን ጠየቅናቸው። አባባ አዱኛን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «እሄዳለሁ» አሉ። ዳኛ ሲፈርድ ከዚያ በላይ አይናገርም። አዱኛ ገበያ ወጥቶ ከተሸካሚዎች ጋር ተነጋግሮ መጣ። ሰኞ ረፋድ ላይ ይነሣሉ።

ሐምሌ ፲፣ እሑድ

አባባ አባ ተክሌን አስጠርተው ንስሐ ገቡ። በሩ ተዘጋ። ብዙ ቆዩ። አባ ተክሌ ሲወጡ መስቀላቸውን አሳለሙኝና፣ «አይዞሽ» ብቻ ብለውኝ ሄዱ። የሚሰናበት ሰው ገባ ወጣ አለ። ሰዉ ሁሉ፣ በሰላም ይግቡ፣ ይላል፤ ዓይኑ ግን ሌላ ነው የሚለው። ለሬሳ እንደሚደረገው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት። አባባም ያውቃሉ። ወገዳ ለመሄድ አይደለም የተዘጋጁት።

በርኖሳቸውን አራግፌ አጣጠፍኩ። መዝሙረ ዳዊታቸውን በጨርቅ ጠቀለልኩ። የሌሊት እጀ ጠባባቸውን ፈልጌ አጣሁት፤ አስካለም አላየሁም አለች።

ወደ ማታ ገደማ አቶ ኑሩ መጡ። ሱቃቸው ከእኛ አጥር ቀጥሎ ነው፤ ከአባባ ጋር ወዳጅ ናቸው። አባባ ዳኛ ሳሉ፣ አንድ ባላባት እስላም መሬት የለውም ብሎ ሱቃቸውን ሊያፈርስ ሲነሣ የፈረዱላቸው እሳቸው ናቸው። ከአልጋው ጎን ተቀመጡ። ብዙም አላወሩም። ስሸኛቸው ደጅ ላይ ቆም አሉና፣ «ቱቦውን ከግድግዳው ውጭ፣ ከእጥፋቱ ላይ ለምን አትከፍቱትም?» አሉኝ። መጋጠሚያው በሲሚንቶ የተመረገ ነው አልኳቸው። «ይሰበራላ። መልሶ ይመረጋል። ቤት ወፍራም ሽቦ አለኝ። ነገ ሰዎቹ ሳይመጡ በጠዋት እንሞክረው። ባይሆንም አይቆጨንም።»

ውዳቂ ተስፋ ነው። ቢሆንም ይዤዋለሁ።

ሐምሌ ፲፩፣ ሰኞ

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

አቶ ኑሩ ጎህ ሲቀድ መጡ። ሽቦውን ጫፉን ቆልምመው እንደ መንጠቆ አድርገውታል። ካፊያ ነበር። አዱኛ አሁንም አላመነበትም፤ በቅሎውን ሊያበላ ሄደ። አቶ ኑሩ መጋጠሚያውን በመሮና በመዶሻ ሰብረው ከፈቱት። ጥቁር ውሃ ፈሰሰ። ሽታውን አልጽፈውም። እሳቸው ሽቦውን ወደ ላይ፣ ወደ እጥፋቱ ሰደዱ፤ አዞሩት። የሆነ ነገር ያዘ። ሁለታችንም ጎተትን።

ሥር መስሎኝ ነበር። የጠቆረ፣ የተጠማዘዘ፣ ረጅም ነገር ወጣ። ጎትተን ስናወጣው ሌላ ተከትሎት መጣ፣ ሌላም። ዝናቡ ሲያጥበው ጨርቅ መሆኑ ታየ። የተቀደደ ጨርቅ ነው፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተጠመጠመ። የመጨረሻው ላይ የአንገት ጥልፍ ነበረበት። አወቅሁት። እናቴ የጠለፈችው ነው። ስፈልገው ያጣሁት የአባባ እጀ ጠባብ።

አባባ ሽንታቸው ያመልጣቸው ነበር። ለማንም ሳይናገሩ በጨርቅ ሲጠርጉ፣ ጨርቁን የሚያስቀምጡበት ቢያጡ እዚያው ሲሰዱት ነው የከረሙት። አንድ እጃቸው አይሠራም። እንዴት ቀደዱት? በጥርሳቸው መሆን አለበት። ያለፈው ሰኞ መስኮታቸው ሥር ቆሜ፣ ማነው የጣለበት፣ ስል የሰሙት እሳቸው ናቸው።

ቀና ስል አቶ ኑሩም ጥልፉን እያዩ ነው። ገብቷቸዋል። ፊታቸውን ከእኔ መለሱ፣ ጨርቁን በአካፋ አፈር አለበሱትና፣ ወደ አባባ መስኮት ዞረው ጮክ ብለው፣ «ሥር ነው፣ እልፍነሽ! የባሕር ዛፉ ሥር ገብቶበት ነው!» አሉ።

እኔም፣ «አዎ፣ ሥር ነው» አልኩ። እንዲሰሙኝ ደግሜ ጮህኩት።

ከዚያ ገብቼ ባልዲውን ደፋሁ። ውሃው አንድ ጊዜ ዞረና ገባ። ሁለተኛ ደፋሁ። ገባ። ቀዳዳው ጥርት ብሎ ታየኝ። መሬቱ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

የዚህ ጊዜ ነው የምሳር ድምፅ የሰማሁት።

ከጉድጓዱ በላይ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ አለ፤ ቤቱ ሲሠራ እናቴ ያስተከለችው። አዱኛ ሥር ነው ሲባል ሰምቶ፣ ምሳሩን አንሥቶ ግንዱን ይመታል። «አባቴን ሊገድልብኝ የነበረው ይሄ ነው?» እያለ ነው የሚመታው። ከመጣ ጀምሮ የያዘውን ሁሉ በዛፉ ላይ አወጣው። አቶ ኑሩ ተው ሊሉት እጃቸውን አነሡ፣ ግን ምን ብለው ያስተዉት? እሳቸው ናቸው ሥር ነው ያሉት። እኔም አላስቆምኩትም። ዛፉ ይውደቅ ብዬ ወሰንኩ። እናቴም ብትሆን ትፈቅደዋለች አልኩ።

«አዱኛ!»

አባባ ናቸው። እንዲያ የጮሁበት ጊዜ ከጥቅምት ወዲህ የለም። ምሳሩ ቆመ። ሁላችንም ዞርን። መስኮቱን በቀኝ እጃቸው ይዘው ቆመዋል። እንዴት እንደተነሡ አላውቅም።

«ዛፉን ለምን ትቆርጠዋለህ?»

«ቱቦውን የዘጋው እሱ ነው፣ አባባ። ሥሩ።»

«አይቼዋለሁ ትላለህ?»

«አላየሁም። አቶ ኑሩ...»

«ሳታይ ነው የምትፈርድበት?»

አዱኛ ምሳሩን ዝቅ አደረገ። አቶ ኑሩ መሬት መሬት ያያሉ። አባባ ትንፋሽ አጠራቸው፣ ሳሉ፣ ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ቆዩ። ይተዉት አባባ፣ ይተኙ፣ ልላቸው ነበር፤ ቀደሙኝ።

«ዛፉ አይደለም» አሉ። «ጨርቅ ነው። የከተትኩት እኔ ነኝ።»

ካፊያው ብቻ ቆርቆሮው ላይ ይሰማል።

«ማምለጥ ከጀመረኝ ወር ሆነኝ። ለልጄ መንገር አቃተኝ። ኑሩ እንደ ወንድም ሸፈነኝ፤ እግዜር ይስጠው። ግን እኔ ባጠፋሁት የቆመ ነገር አይቆረጥም።»

ገብቼ ስይዛቸው እግራቸው ከድቷቸው ነበር። አዱኛም ምሳሩን ጥሎ ሮጠ። ሁለታችን አልጋ ላይ አወጣናቸው። አዱኛ እግራቸውን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አባባ በቀኝ እጃቸው ራሱን ይነኩት ነበር፤ ምንም አላሉትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ውሃ ስጪኝ» አሉ።

አንድ ብርጭቆ ሙሉ ጠጡ። ደግመውም ጠየቁ።

ተሸካሚዎቹ ረፋድ ላይ መጡ። አዱኛ ደጅ ወጥቶ፣ አይሄዱም፣ አላቸው። አስካለ ጠላና እንጀራ አቀረበችላቸው፤ በልተው ጠጥተው ተበተኑ። አቶ ኑሩ ምሳ ሳይቀምሱ ሄደዋል። ማታ ላመሰግናቸው ሱቃቸው ስሄድ፣ አቡጀዲ ይለኩ ነበር። አመሰግናለሁ ሳልል ጥቅሉን አቀበሉኝ፣ «ለግራዝማች ነው። ለስላሳ ነው» አሉኝ።

ጨርቆቹን ብቻዬን ጓሮ ቀበርኳቸው። የአንገቱን ጥልፍ አጥቤ ላስቀረው አሰብኩና ተውኩት።

ሐምሌ ፲፪፣ ማክሰኞ

አዱኛ መጋጠሚያውን መረገ። ሲሚንቶ ስለሌለ ለጊዜው በጭቃና በጭድ ነው፤ እስኪደርቅ በላዩ ቆርቆሮ ደፋበት። ዛፉ ላይ የምሳሩ ቁስል ጠልቋል። አዱኛ አይቶት ምንም ሳይል አለፈ።

አባባ ጠዋት አጥሚት፣ ቀን ግማሽ ጭልፋ ገንፎ፣ ማታ ወተት። አንጀታቸው ተጣብቆ የነበረ ይመስለኛል፤ ሲበሉ ያማቸዋል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል። ሳሉ ብሶባቸዋል። ድሬሰሩ ደረታቸውን አዳምጦ ፊቱን አጨማደደ። የሚዋጥ ኪኒን ሰጠ። «መጠጣታቸው ጥሩ ነው። ደረታቸውን ግን እናያለን» አለ። እናያለን የሚለውን ቃል ጠላሁት።

አቡጀዲውን ቆራርጬ፣ አጣጥፌ፣ ራስጌያቸው ባለ ቅርጫት ውስጥ አኖርኩት። ከጎኑ ክዳን ያለው እንስራ አስቀመጥኩ። አሳየኋቸው እንጂ አላስረዳሁም። አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሐምሌ ፲፫፣ ረቡዕ

አዱኛ ጠዋት ተነሣ። ዘሩ እየበሰበሰበት ነው፣ መቆየት አልቻለም። አባባ ሲሰናበቱት፣ «መስከረም ሲጠባ ልጆቹን ይዘህ ና» አሉት። እሺ አለ። ደጅ ስሸኘው፣ «መስከረም ይደርሳሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። እሱም አያውቅም። በቅሎዋ ላይ ሆኖ ሁለቴ ዞሮ አየኝ።

አስካለ ከትናንት ጀምራ አኩርፋኝ ነበር። ዛሬ ማድ ቤት፣ «በገብርኤል እስክምል አደረስሽኝ» አለችኝ። ይቅር በይኝ አልኳት። ይቅር አለችኝ፤ ቶሎ ግን አይደለም።

ሐምሌ ፲፭፣ ዓርብ

ትናንት አልጻፍኩም። አባባ ሲያተኩሳቸው ዋለ።

ዛሬ ትኩሳቱ ቀለል አለ። የደረታቸው ድምፅ አሁንም አለ፤ እንደሚፈላ ነገር ነው የሚሰማው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ጥቂት ፀሐይ ወጣች። ልነሣ አሉ። ምርኩዛቸውን ሰጠኋቸው። ግድግዳውን ይዘው ጀመሩ። እንደ ልማዴ ወደ ማድ ቤት ዞር አልኩ፤ እንዳይቆጡኝ።

በሩን ሲዘጉ አልሰማሁም። ቆየሁ። የውሃው ድምፅ መጣ፤ ወርዶ ገባ። አሁንም ቆየሁ። ብዙ ሆነብኝ፣ ልሂድ አልሂድ እያልኩ ማንኪያ ይዤ ቆሜ ነበር።

ከዚያ ከውስጥ፣ በደከመ ድምፅ፣ «እልፌ፣ ነይ ደግፊኝ» አሉ።

ማንኪያውን ለአስካለ ሰጥቼ ሄድኩ።